ፕሮቲኑ በካልሲየም ይታዘዛል ለማለት፦ በዕፅዋት ሜምብሬን ላይ የሚሠራ የላብራቶሪ መመሪያ

አንድ ፕሮቲን ካልሲየም ሲያገኝ ሜምብሬን (የሴል ሽፋን) ላይ ተለጠፈ ማለት ካልሲየም ሥራውን ይቆጣጠረዋል ማለት አይደለም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚፈልጉትም ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ነው። አዲስ ለሚገቡ ተማሪዎች ሁሌም ይህንን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ሁለቱን ቀላቅሎ የጀመረ ሰው ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለይ ብዙ ጄል ያስሮጣል፣ ብዙ ግራፍ ይስላል፣ መልስ ግን አያገኝም።

ከታች ያለው እኔ የምሠራበት መንገድ ነው። ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ከበድ የሚለው አልትራሴንትሪፊውጁ ብቻ ነው። የቀረው ጥንቃቄ ነው።

ሴሉ ውስጥ ያለውን ልክ መያዝ

ዕረፍት ላይ ባለ የዕፅዋት ሴል ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነፃው ካልሲየም 100 ናኖሞላር አካባቢ ነው። ቫኪዩል (የሴሉ ማከማቻ ከረጢት) ውስጥና በሴሉ ግድግዳ በኩል ግን ሚሊሞላር ደረጃ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ ብዙ ሺህ እጥፍ ነው። ብርድ፣ ጨው፣ ንክኪ ወይም በሽታ አምጪ ተሕዋስ ሲመጣ ቻናሎች ይከፈታሉ፣ የሳይቶፕላዝሙም ካልሲየም ወደ ማይክሮሞላር ከፍ ይላል። ከዚያ ፓምፖች መልሰው ያወጡታል። ስለዚህ ፕሮቲናችሁ የሚያነበው ምልክት ከ100 ናኖሞላር እስከ ጥቂት ማይክሮሞላር ባለው መካከል ነው። 1 ሚሊሞላር ካልሲየም ሲሰጠው ብቻ የሚነቃ ኢንዛይም ካገኛችሁ ገና ምንም አላረጋገጣችሁም፤ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያን ያህል ካልሲየም የሚያገኝበት ዕድል የለውም።

አሁን ተክሉን ስትፈጩ የሚሆነውን አስቡት። ቫኪዩሉ ይፈነዳል፣ የሴሉ ግድግዳ ይደቅቃል፣ የያዙት ካልሲየም ሁሉ ወደ ፈሳሹ ይገባል። በእጃችሁ ምንም ካልሲየም ባትጨምሩም ፕሮቲኖቹ በሕይወት ዘመናቸው አይተውት የማያውቁት መጠን ያጥለቀልቃቸዋል። «ካልሲየም አልጨመርኩም» የሚለው ማስታወሻ በዕፅዋት ሥራ ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው። ካልሲየም የሌለበት ናሙና ከፈለጋችሁ ካልሲየም የሚይዝ ኬሚካል ማስገባት ግድ ነው።

ነፃ ካልሲየምን መቆጣጠር

ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይረዝማል። ሊረዝምም ይገባዋል።

የምንጠቀመው ኢጂቲኤ ነው። ኢዲቲኤ ማግኒዥየምንም አጥብቆ ይይዛል፤ ኢጂቲኤ ግን ማግኒዥየምን ብዙም ሳይነካ ካልሲየምን ይመርጣል። ካይኔዞች (ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚያስሩ ኢንዛይሞች) እና ኤቲፒ የሚሰብሩ ፓምፖች ማግኒዥየም ስለሚፈልጉ ይህ ምርጫ ወሳኝ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በፒኤች 7.2፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስና በ100 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ የኢጂቲኤ የመያዣ ቋሚ ቁጥር (ግማሹ ኢጂቲኤ የሚያዝበት የነፃ ካልሲየም መጠን) 150 ናኖሞላር አካባቢ ነው። 1 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ ላይ 0.5 ሚሊሞላር ካልሲየም ብታደርጉ ግማሹ ተይዟል፣ ግማሹ ባዶ ነው፤ ነፃው ካልሲየም 150 ናኖሞላር ይሆናል። 0.9 ብታደርጉ 0.9ን ለ0.1 አካፍላችሁ በ150 ታባዛላችሁ፤ 1350 ናኖሞላር ወይም 1.35 ማይክሮሞላር ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የገዛችሁት ኢጂቲኤ ንጽሕናው 97 በመቶ ቢሆንስ? እውነተኛው መጠን 0.97 ሚሊሞላር ነው። ባዶ የሚቀረው 0.1 ሳይሆን 0.07 ይሆናል። ነፃው ካልሲየም 1.93 ማይክሮሞላር ይደርሳል። የ3 በመቶ ጉድለት ከ40 በመቶ በላይ ስሕተት ወለደ ማለት ነው። ካልሲየም ክሎራይዱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሚዛን ላይ የምታዩት ክብደት በከፊል ውኃ ነው። ስለዚህ ክምችታችሁ መጠኑ ከተረጋገጠ የካልሲየም ስታንዳርድ ፈሳሽ ይጀምር። ኢጂቲኤውንም በዚያው ስታንዳርድ ለኩት።

ፒኤች ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኢጂቲኤ ካልሲየም ሲይዝ ሁለት ፕሮቶን ይለቃል። ካልሲየም በጨመራችሁ ቁጥር ፒኤቹ ይወርዳል። ፒኤቹ ከ7.2 ወደ 7.0 ቢወርድ የመያዣው ቁጥር ከ150 ወደ 380 ናኖሞላር አካባቢ ይዘላል። ሁለት ዓሥረኛ ፒኤች ብቻ፣ ነፃው ካልሲየም ግን ከእጥፍ በላይ! ስለዚህ በፈሩን (ፒኤቹን የሚያጸናውን ፈሳሽ) ጠንከር አድርጉት፤ እኔ 50 ሚሊሞላር ሄፐስ ወይም ሞፕስ እጠቀማለሁ። ካልሲየም ከገባ በኋላም ፒኤቹን በየቱቦው እንደገና እለካለሁ። ሙከራችሁ በፒኤች 6 አካባቢ ከሆነ ኢጂቲኤን ተዉት፤ እዚያ ካልሲየምን አጥብቆ አይዝም። ባፕታ የተባለው ሌላ የካልሲየም ያዥ ለፒኤች ያን ያህል ስሱ አይደለም። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ራስ ምታት ይቀንሳል። ነፃ ካልሲየሙን ከ2 ማይክሮሞላር በላይ ማቆም ከፈለጋችሁ ኢጂቲኤ አቅም ያጣል። እዚያ ኤችኢዲቲኤ የተሻለ ነው።

አንድ ሙከራ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ካልሲየም ይወደው እንደሆነ ጠይቁ። የፎስፌት በፈር ካልሲየምን ያዘቅጣል። የፎስፋቴዝ ማገጃ ብለን የምንጨምረው ሶዲየም ፍሎራይድም እንዲሁ። ብዙ ተክሎች በቅጠላቸው የሚያከማቹት ኦክሳሌትም እንዲሁ። ኤቲፒ ራሱ ጥቂት ይይዛል። በሌላ በኩል ብርጭቆ ዕቃ ካልሲየም ይለቃል፤ የተጣራ የምንለው ውኃና ጨዎቹም ጥቂት ማይክሮሞላር ያስገባሉ። ክምችቶቻችሁን በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ።

ሪፖርት ስታደርጉ የጨመራችሁትን ሳይሆን ነፃውን ካልሲየም ጻፉ፤ አጠገቡም ፒኤቹን፣ ሙቀቱንና የጨው መጠኑን። እነዚህ የሌሉበትን ግራፍ እኔ አላምነውም።

ፕሮቲናችሁ ከየትኛው ወገን ነው?

ሜምብሬን ላይ ካልሲየምን የሚሰሙ ፕሮቲኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሙከራ አይፈልጉም። እኔ በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

አንደኞቹ ካልሲየም ሲመጣ መጥተው የሚለጠፉት ናቸው። አኔክሲኖች ዋነኞቹ ናቸው፤ በዕፅዋት ከ32 እስከ 36 ኪሎዳልተን አካባቢ ይመዝናሉ፣ አራቢዶፕሲስ የተባለችው የላብራቶሪ ተክል ስምንት ጂን አላት። ካልሲየሙ በፕሮቲኑና አሉታዊ ቻርጅ ባላቸው የሜምብሬን ፎስፎሊፒዶች መካከል ድልድይ ይሆናል። ሲ2 የሚባለው ክፍል ያላቸው እንደ ፎስፎሊፔዝ ዲ ያሉትም እዚህ ናቸው።

ሁለተኞቹ በስብ ጅራት ሜምብሬን ላይ ተሰክተው ካልሲየምን የሚያነቡ ናቸው። ብዙዎቹ ሲዲፒኬዎች (በካልሲየም የሚነቁ ካይኔዞች) እንዲህ ናቸው። ሁለተኛ አሚኖ አሲዳቸው ግላይሲን ነው፣ እዚያ ላይ ሚሪስቲክ አሲድ ይታሰራል፣ አጠገቡ ባለ ሲስቴይን ላይ ደግሞ ፓልሚቲክ አሲድ። ኢንዛይሙ በ1987 ከአኩሪ አተር ተነጥሎ ተገለጸ። አራቢዶፕሲስ 34 ጂኖች አሏት። የሚያስገርመው ነገር ካይኔዙና ካልሞዱሊን (ካልሲየም ይዞ ሌሎችን የሚያነቃ ፕሮቲን) መሳዩ ክፍል በአንድ የፕሮቲን ሰንሰለት ላይ መሆናቸው ነው። በመሀላቸው ያለው አጭር ክፍል ዕረፍት ላይ የካይኔዙን ሥራ ቦታ ይዘጋዋል፤ የራሱን አፍ በራሱ እጅ እንደያዘ ሰው። ካልሲየም አራቱ የኢኤፍ እጆች (ካልሲየም የሚይዙት የፕሮቲኑ ክፍሎች) ላይ ሲገባ ቅርጹ ይቀየርና አፉ ይከፈታል። ሲቢኤል የሚባሉትም ሜምብሬን ላይ ተሰክተው ሲአይፒኬ የተባሉ ካይኔዞችን ወደ ራሳቸው ይጠራሉ።

ሦስተኞቹ ሜምብሬኑን ሰንጥቀው የሚያልፉ ኢንዛይሞች ናቸው። ካልሲየም የሚያስወጣው ኤሲኤ8፣ ኦክስጅን ራዲካል የሚያመርተው አርቦኤችዲ፣ የሴል ግድግዳ ስኳር ሰንሰለት የሆነውን ካሎዝ የሚሠራው ሲንቴዝ።

ይህን ሳትለዩ ኢጂቲኤ አፍስሳችሁ «ፕሮቲኔ አልተላቀቀም፣ ስለዚህ ካልሲየም አይመለከተውም» እንዳትሉ። ሲዲፒኬ በኢጂቲኤ አይላቀቅም፤ የያዘው ስብ ነው። የአብዛኞቹ ሥራ ግን ካልሲየም ይፈልጋል።

መፍጨትና መለየት

ክሎሮፊል የሌለው ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ምረጡ። በጨለማ የበቀለ የበቆሎ ቡቃያ ሥር ወይም የአበባ ጎመን ራስ ግሩም ነው። ቅጠል ከሆነ ታይላኮይዶች (ክሎሮፊል የያዙት ሜምብሬኖች) መሀል ገብተው ያስቸግራሉ። ሁሉም ነገር በረዶ ላይ ይሁን። መፍጫው ፈሳሽ ውስጥ ሱክሮስ፣ ፒኤች 7.5 እስከ 8 ያለው ትሪስ ወይም ሞፕስ፣ ፕሮቲኖችን ከኦክሲዴሽን የሚጠብቅ ዲቲቲ፣ ፕሮቲየዞችን (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን) የሚያግድ ፒኤምኤስኤፍ፣ ፌኖሎችን የሚይዝ ፒቪፒፒ ይኑር።

ናሙናውን እዚሁ ለሁለት ክፈሉት። ብዙ ሰው የሚያልፈው ደረጃ ይህ ነው። የተለመዱት የሜምብሬን ማዘጋጃዎች ኢዲቲኤ ወይም ኢጂቲኤ አለባቸው። ያ ማለት አኔክሲን ፍለጋ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ አኔክሲኑን አጥቦ ይጥላል። አንዱን ክፍል በ5 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ ፍጩት። ሌላውን በ1 ሚሊሞላር ነፃ ካልሲየም ፍጩትና ፈጥናችሁ ሥሩ፤ ካልሲየም ፎስፎሊፔዞችንና አንዳንድ ፕሮቲየዞችን ያነቃል፣ ቬሲክሎችንም (ሜምብሬኑ ሲፈጭ የሚፈጥራቸውን ትናንሽ ከረጢቶች) ያጣብቃል።

10,000 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ) ላይ 10 ደቂቃ አሽከርክሩና ዝቃጩን ጣሉ። ከላይ ያለውን 100,000 ጂ ላይ ለአንድ ሰዓት አሽከርክሩት፤ ማይክሮሶሞቹ፣ ማለትም የተቀላቀሉት የሜምብሬን ቬሲክሎች፣ ይዘቅጣሉ።

የፕላዝማ ሜምብሬን ብቻ ከፈለጋችሁ የኢጂቲኤውን ክፍል በሁለት ፖሊመር ለዩት። ዴክስትራን ቲ500 እና ፖሊኢታይሊን ግላይኮል 3350፣ እያንዳንዳቸው 6.3 በመቶ አካባቢ በክብደት፣ ሱክሮስና 5 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፎስፌት ፒኤች 7.8 ጨምሩ። ፖሊመሮቹ ዝልግልግ ስለሆኑ በፒፔት አትለኩ፣ መዝኑ። ሙቀቱ 4 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ክፍሉ ሲሞቅ አለያየቱ ይበላሻል። ቱቦውን እየገለበጣችሁ በደንብ ቀላቅሉ፣ 1500 ጂ ላይ 5 ደቂቃ አሽከርክሩ። የፕላዝማ ሜምብሬኑ ላይኛው ንብርብር ውስጥ ይቀራል። ላይኛውን በአዲስ ታችኛ ንብርብር ሁለቴ አጥቡት። ከዚያ አቅጥናችሁ እንደገና በ100,000 ጂ አዝቅጡት። ይህ እጥበት ፎስፌቱንና ኢጂቲኤውንም ስለሚያወጣ አትዝለሉት፤ ቀጥሎ ካልሲየም ይመጣል።

በካልሲየም የተፈጨውን ክፍል ወደዚህ ሥርዓት አታስገቡ። የተጣበቁ ቬሲክሎች አይለያዩም።

ንጽሕናውን በኤቲፔዝ (ኤቲፒ በሚሰብሩ ኢንዛይሞች) ፈትሹ። በቫናዴት የሚቆመው የፕላዝማ ሜምብሬን፣ በናይትሬት የሚቆመው የቫኪዩል፣ በአዛይድ የሚቆመው የማይቶኮንድሪያ ነው።

መለጠፉን መፈተን

በካልሲየም የፈጫችሁትን ማይክሮሶም በካልሲየም በፈር አንዴ እጠቡና በ10 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ በጥብጡት። መልሳችሁ አዝቅጡ። አሁን ፈሳሹ ውስጥ የወጣው በካልሲየም ተይዞ የነበረው ነው። ጄል ላይ ስታስሮጡት ከ30 ኪሎዳልተን ከፍ ብለው የሚታዩት ወፍራም መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ አኔክሲኖች ናቸው። ግን ቬሲክል ውስጥ ታስሮ የቆየ የሳይቶፕላዝም ፕሮቲንም አብሮ ሊወጣ ይችላል። የሳይቶፕላዝም ኢንዛይም የሆነውን አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝን ለኩ፤ ካለ እጥበቱ አልበቃም።

ከዚያ የተገላቢጦሹን ሥሩ። የታጠበ ሜምብሬንና ጨው የተጣራለት የፕሮቲን ፈሳሽ አንድ ላይ አድርጋችሁ በየቱቦው የተለያየ ነፃ ካልሲየም ስጡ፦ ከ50 ናኖሞላር በታች፣ 150፣ 500፣ 1 ማይክሮሞላር፣ 10፣ 100። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ አዝቅጡ። ዝቃጩንም ፈሳሹንም ጄል ላይ አስሩጡ። አንድ ቱቦ ደግሞ ሜምብሬን ሳይኖረው ከፍተኛውን ካልሲየም ይውሰድ። ፕሮቲኑ እዚያም ከዘቀጠ ራሱ በራሱ ተጣብቆ እንጂ ሜምብሬን ይዞት አይደለም። ሌላ ቱቦ በካልሲየም ፈንታ ማግኒዥየም ያግኝ።

ካልሲየም በቀጥታ ፕሮቲኑን ይይዘው እንደሆነ ለማየት ደግሞ በጣም የምወደው ርካሽ ሙከራ አለ። ናሙናውን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱ ላይ 5 ሚሊሞላር ካልሲየም፣ ሌላው ላይ 5 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ ጨምሩና በተለመደው የኤስዲኤስ ጄል አስሩጡ። የኢኤፍ እጅ ያላቸው እንደ ካልሞዱሊንና ሲዲፒኬ ያሉት ካልሲየም ካገኙ ፈጥነው ይወርዳሉ። በኤስዲኤስ ተፈትተው እንኳ ካልሲየሙን አጥብቀው ስለሚይዙት ነው። ጎን ለጎን ስታዩት አንዱ መስመር ከሌላው በግልጽ ዝቅ ብሎ ይታያል። በሁለቱ መካከል ባዶ መስመር ተዉ፤ ካልሲየሙና ኢጂቲኤው ወደ ጎን ይሰርጋሉ።

ሥራውን መፈተን

የላይኛው ንብርብር ቬሲክሎች የውጭ ፊታቸው ወደ ውጭ ነው። ኤቲፒ፣ ዩዲፒ ግሉኮስና ካልሲየም የሚሠሩበት ፊት ግን ውስጥ ተደብቋል። ኢንዛይማችሁ «የሞተ» ከመሰላችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። 0.05 በመቶ ብሪጅ 58 የተባለ ዲተርጀንት ቬሲክሎቹን ይገለብጣቸዋል። ለካሎዝ ሲንቴዝ ጥቂት ዲጂቶኒን በቂ ነው። ዲተርጀንት ያለውንና የሌለውን አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ስንቱ ቬሲክል በየትኛው ፊት እንዳለ ይነግራችኋል።

ለካይኔዝ፦ ሄፐስ ፒኤች 7.2፣ 100 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 5 ሚሊሞላር ማግኒዥየም፣ 1 ሚሊሞላር ዲቲቲ፣ 100 ማይክሮሞላር ኤቲፒ፣ እንደ ሂስቶን ወይም ሲንታይድ 2 ያለ ፎስፌት ተቀባይ። የፎስፋቴዝ ማገጃ ካስፈለገ በፍሎራይድ ፈንታ ማይክሮሲስቲን ጨምሩ። ነፃ ካልሲየሙን ልክ እንደ ቅድሙ ደረጃ በደረጃ አስቀምጡ። ፍጥነቱን የምትለኩት ምርቱ ከጊዜ ጋር ቀጥ ብሎ በሚሄድበት መጀመሪያ ላይ ነው።

ከዚያ ኢንዛይሙ ነቅቶ እየሠራ ሳለ ኢጂቲኤ ጨምሩ። ሥራው ካቆመ ካልሲየም እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ይሠራል ማለት ትችላላችሁ። ካላቆመ ሌላ ነገር ተከስቷል፤ ምናልባት ኢንዛይሙ ራሱን ፎስፎሪሌት አድርጓል ወይም ፕሮቲየዝ ቆርጦታል። የኋለኛው ቀልድ አይደለም። የኤሲኤ8 መቆለፊያ በአሚኖ ጫፉ በኩል ነው፤ በቀላል ትሪፕሲን ሲቆረጥ ፓምፑ ያለ ካልሞዱሊን ይነቃል። የፈጫችሁት ናሙና ውስጥ ያለ ፕሮቲየዝም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ማገጃዎችን በጥንቃቄ ተርጉሙ። ደብሊው 7 የካልሞዱሊን ማገጃ ነው፤ ሲዲፒኬንም ግን ያግዳል፣ የራሱ ካልሞዱሊን መሳይ ክፍል አለውና። ስለዚህ ደብሊው 7 ሥራውን ስላቆመ ብቻ ካልሞዱሊን አለበት አትበሉ። ደካማው ዘመዱ ደብሊው 5 ጎን ይሁን። ካልሞዱሊንን ራሱን ጨምራችሁ ሥራው ከፍ ማለቱን ማየት የተሻለ ማስረጃ ነው። ላንታነም ሕያው ሴል ላይ ቻናል ይዘጋል፤ ቱቦ ውስጥ ግን የካልሲየሙን ቦታ ራሱ ሊይዝ ይችላል። ካልሲየም ሁልጊዜ አነቃቂ አለመሆኑንም አትርሱ፤ የዘብ ሴሎችን (የቅጠል ቀዳዳ የሚከፍቱና የሚዘጉ ሴሎችን) የፕላዝማ ሜምብሬን ፕሮቶን ፓምፕ ማይክሮሞላር ካልሲየም ያዳክመዋል።

ጠንካራው ማስረጃ የሚውቴሽን ሥራ ነው። የኢኤፍ እጅ ቀለበት 12 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በ12ኛው ቦታ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ግሉታሜት ነው። እሱን ስትቀይሩ ያ እጅ ካልሲየም መያዝ ያቅተዋል። የተቀየረው ፕሮቲን ሜምብሬን ላይ እንደ ድሮው ተቀምጦ ሥራው ግን ከጠፋ፣ መቀመጡንና መታዘዙን ለይታችሁ አሳያችሁ። ለሲዲፒኬ ደግሞ ሁለተኛውን ግላይሲን ወደ አላኒን ቀይሩ፤ ካልሲየምን እየሰማ ሜምብሬኑን ግን ያጣል። እነዚህን ሁለት ሚውታንቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከማንኛውም የማገጃ ዝርዝር ይበልጣል።

የተረፈውን ሜምብሬን ከኢጂቲኤ ነፃ በሆነ፣ ሱክሮስና ዲቲቲ ባለው በፈር በትናንሹ ከፋፍላችሁ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዙና በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ፤ መቀዝቀዝና መቅለጥ ቬሲክሎችን በከፊል ይገለብጣል፣ የዲተርጀንት ማወዳደሪያችሁም ከዚያ በኋላ አይታመንም።